ባለ አረንጓዴ ክዳኑ ኮዳ

ይድረስ ለልጄ ነርስ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እግርሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስትውዪ ቁርጭምጭሚትሽ ያብጥ ነበር፤ ልጆቹም «ሲስተር ጠብታ፣ ዛሬ ውሃ አብዝተሻል፣ ነይ ሚዛን ላይ ውጪ» እያሉ ይስቁብሽ ነበር። አሁን ቤት ስለዋልሽ እብጠቱ ሳይጎድል አይቀርም። በዚህ መንገድ እንዲጎድል ግን ማን ፈለገ? ስለ እኔ ከጠየቅሽ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የስፌት መኪናዬ ላይም እቀመጣለሁ። ከዚህ በላይ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ አንቺ ውሸትን በሚዛን ታውቂያለሽ።

ደብዳቤ ስለሆነ «እርስዎ» ልልሽ አስቤ ነበር። ሁለት መስመር ጽፌ ቀደድኩት። የልጄን ገላ አብረን አጥበናል፤ «እርስዎ» ስልሽ ሌላ ሰው የምጠራ መሰለኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል መሆኑን ታውቂያለሽ። ይህን ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። የተሳሳተ ፊደል ካገኘሽ እለፊው፤ ድሮ የምታርመኝ እሷ ነበረች።

ማክሰኞ ጧት ስልኬ ሲጮህ እርጥብ ቀሚሷን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ካጠገቧ ሳልነሳ ቆይቼ፣ ሰኞ አመሻሽ ላይ አንቺ ነሽ «ሂጂ፣ ገላሽን ታጠቢ፣ የሷንም ልብስ አጥበሽ አምጪ፣ ነገ የደም ማጠቢያ ማሽኑ ይሠራል ብለዋል» ብለሽ የላክሽኝ። ቀሚሱን ላሰጣ ስል ደወልሽ። «ነይ» አልሽኝ። ሌላ ቃል አልጨመርሽም። ሰው «ቶሎ ነይ» ሲባል የሚደርስበት ነገር አለ ማለት ነው። አንቺ «ቶሎ» አላልሽም። ቀሚሱን ገመዱ ላይ ዘረጋሁት፣ ሁለቱንም ትከሻ በመቆንጠጫ ያዝኩት፣ ከዚያ በኋላ ነው የወጣሁት። እንዴት እጄ እንደታዘዘልኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ያ የመጀመሪያው ወሬ ነው። ሁለተኛው ባለፈው ቅዳሜ ደረሰኝ፤ ብዕር ያስያዘኝም እሱ ነው።

የክፍላችሁ ጽዳት ሠራተኛ የካፖርቴን ዚፕ ቀይሪልኝ ብላ ወደ ሱቄ መጣች። ዚፑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ምንም አልሆነም። «ይሄ እኮ ደህና ነው» ስላት በሩን ዘጋችና ተቀመጠች። «ሲስተር ጠብታ ከሥራ ታግዳለች። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጥባታል። ሊያባርሯት ነው» አለችኝ። ምን አድርጋ ስላት ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የከሰስሻት! ጠረጴዛ ስወለውል ፊርማሽን በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያው ምን ብታደርግሽ ነው?» አለች። ቁጣዋ ሱቁን ሞላው። ከዚያ ደግሞ ፊቴን አይታ ደነገጠች መሰለኝ፣ ውሃ ልታመጣልኝ ተነሳች። ውሃ ነው የምልሽ። አልጠጣሁትም።

ስለ ፊርማው ልንገርሽ፤ ምክንያት ልደረድር ሳይሆን እንድታውቂው ነው። ልጄ በሄደች በስምንተኛው ቀን የባሌ ታላቅ ወንድም መጣ። ጋሼ ነው የምንለው። መሥሪያ ቤት ነው የሚውለው፤ ቤተሰቡ ውስጥ ማመልከቻ የሚጻፍ ነገር ካለ እሱ ነው የሚጽፈው። ልጄን በጣም ይወዳታል፤ ይህንን አልክድም። ከቦርሳው ወረቀት አወጣ፣ «ልጃችን ውሻ አይደለችም፣ ዝም ብለን አናልፍም፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ። ቢፈልግ ቤቴን እሸጣለሁ የሚል ይሁን፣ ዓይኔ የሚያየው ነገር አልነበረም። ያንን የጻፈው የእሱ እጅ ነው፤ ስሙ ብቻ የእኔ ነው። ይሄኛው ስሙም እጁም የእኔ ነው፤ ስለዚህ ይሄኛውን እመኚ።

ጽዳት ሠራተኛዋ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ራስሽን አልከላከልም ብለሻል፣ የሥራ መልቀቂያም ጽፈሽ በመሳቢያሽ አስቀምጠሻል። ኮሚቴው አስቀድሞ ቃልሽን ሲቀበል «ለልጅቷ ከመጠን በላይ ውሃ የሰጣት ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽ «በእኔ ፈረቃ የተሰጠ ውሃ የእኔ ነው» ብለሻል። ሦስቴ ጠየቁሽ፣ ሦስቴም ይህንኑ አልሽ።

እህቴ፣ ውሃውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። አንቺ ታውቂያለሽ። እኔም አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። የማያውቁት የሚፈርዱት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ እንዳለ ልጻፈውና ላሳውቃቸው። ይህንን ወረቀት ከፈለግሽ ውሰጂና አንብቢላቸው።

እነሱ ክፍሉን በወረቀት ነው የሚያውቁት። ስምንት አልጋ፣ ስምንት ልጅ፤ አራቱ የልብ፣ አራቱ የኩላሊት። እኛ የገባን ቀን ልጆቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው ሲጨቃጨቁ ደረስን። የልብ ቡድን «እኛ ሳንኖር ደም የሚረጨው ማነው?» ይላል፣ የኩላሊት ቡድን «እኛ ሳናጥበው ቆሻሻ ነዋ የምትረጩት!» ይላል። ልጄን «አንቺስ ከየትኛው ነሽ?» አሏት። ኩላሊቷ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አልሠራ ብሎ፣ ልቧ ደግሞ ያንን ሁሉ ውሃ ሲገፋ ደክሞ ነበርና «ከሁለቱም» አለች። ወዲያው ከኩላሊት ቡድን ያ አፈኛው ሕፃን «በቃ ዳኛ ናት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤት ስሟ የጠራት የለም።

የትራሱም ነገር አለ። ልባቸው የደከመ ልጆች ዝቅ ብለው ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ስለዚህ ትራስ ትደራርቢላቸዋለሽ። እነሱ ግን ማዕረግ አደረጉት። ባለ አንድ ትራስ ወታደር፣ ባለ ሁለት ሻምበል፣ ባለ ሦስት ጄኔራል። ለዳኛዋ ሦስተኛውን ትራስ ያደረግሽላት ዕለት «እማዬ፣ ተሾምኩ!» ብላ ሰላምታ ሰጠችኝ። አንቺ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዞርሽ፣ እኔ ግን ሞኟ አብሬያት ሳቅሁ።

የውሃው ሥራ እንዲህ ነበር። የሷ ኩላሊት ውሃ ስለማያወጣ የጠጣችው ሁሉ ውስጧ ይቀራል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ደሟ በማሽን ይታጠባል፤ በመካከሉ ያለውን ቀን በአራት መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ ማለፍ አለባት። ሌላ ቦታ ውሃውን ይቆልፉባታል። አንቺ ጧት ጧት የቀኑን ውሃ በኮዳ ሞልተሽ፣ በኮዳው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈሽ፣ አራት መስመር አስምረሽ ለራሷ ትሰጫታለሽ። መቼ እንደምትጠጣ እሷ ትወስናለች። በጠጣች ቁጥር የውሃ ወረቀቷ ላይ በራሷ እጅ ትጽፋለች። ጧት በባዶ ሆዷ፣ በዚያው ቀሚስ፣ በዚያው ሚዛን ትመዘናለች፤ ሚዛኑንም ራሷ ትጽፋለች። ከዚያ እብጠቷን ለማየት አውራ ጣትሽን ቅልጥሟ ላይ ትጫኚያለሽ፤ የሰረጎደው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ልጆቹ በሙሉ ድምፅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ይቆጥራሉ። ስትጠማ ደግሞ አፏን አጉመጥምጣ መትፋት አስተማርሻት፣ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ መዳሰስ አስተማርሻት። ለእኔም አስተማርሽኝ።

ክሱ ላይ «ነርሷ የሕክምና መዝገብ በሕፃናት እንዲጻፍ በመፍቀድ ከፍተኛ ቸልተኝነት ፈጽማለች» የሚል አለ። ቸልተኝነት! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አንድ ጣት ስህተት ሙሉ ቀሚስ እንደሚያበላሽ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። ልጄ ከዚያ በፊት በነበርንባቸው ቦታዎች ውሃ ትሰርቅ ነበር። ከአበባ ማስቀመጫ ጠጥታለች፣ ከእጅ መታጠቢያው ጠጥታለች፣ ጠጥታም ዋሽታለች። አንቺ ጋ አንድም ቀን አልሰረቀችም። የራሷ ስለሆነ ነዋ። ሰው የራሱን ይሰርቃል?

አሁን ወደዚያ ሰኞ ልሂድ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሺኝ።

ሐሙስ ታጥባ ሃያ አንድ ኪሎ ነበረች። ቅዳሜ ማሽኑ ቆመ። ባለሙያ የሚመጣው ሰኞ ነው ተባለ። አንቺ ወደ ሌላ ሆስፒታል ትዛወር ብለሽ ጻፍሽ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ። ኃላፊው እስከ ሰኞ አይገቡም ተባለ። ቅዳሜ ደወልሽ፣ እሑድ ደወልሽ፤ በስልክ ስትለምኚ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። አንቺ ለራስሽ ለምነሽ የምታውቂ ሰው አይደለሽም፣ ለልጄ ግን «እባክዎን፣ እግርዎን ልሳም» ስትዪ ሰምቻለሁ። ሰኞ ኃላፊው ገቡ፤ ባለሙያው ግን ማክሰኞ ነው የሚደርሰው ተባለ፣ ዝውውሩም «እስቲ ማሽኑን እንይና» ተባለ። ልጄን ለማዛወር አንድ ፊርማ ሦስት ቀን ጠፋ። አንቺን ለማባረር የእኔ ፊርማ ስምንት ቀን ሳይሞላ ተገኘ።

ሰኞ ጧት ተመዘነች። ሃያ ሁለት ኪሎ ተኩል። በራሷ እጅ ጻፈችው። ይህንን ልብ በይልኝ፤ ውሃው ገና አልመጣም።

ደረጃውን በእግሬ ወጥቼ፣ ላቤ ወርዶ፣ ከኮሪደሩ በብርጭቆ ውሃ ቀድቼ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩና መጠጣት ጀመርኩ። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ እሷ ፊት ጠጥቼ አላውቅም። አንቺም ልጆቹ ፊት አትጠጪም፣ ሁልጊዜ ከበሩ ጀርባ ነው፤ አይቼሻለሁ። ያን ዕለት ረሳሁት። ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ነው ቀና ያልኩት። ልጄ ብርጭቆውን አልነበረም የምታየው። ጉሮሮዬን ነበር። ውሃው ሲወርድ በዓይኗ እየተከተለችው ነበር። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ እምቢ እላት ነበር፤ እምቢ ማለት ለምጄ ነበርና። አልጠየቀችኝም።

ብርጭቆውን ሰጠኋት።

እሷ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሃል ትቀልዳለች። «ዳኛ ጉቦ አይቀበልም» አለችኝ። ከዚያ ተቀበለችኝ። ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትቸኩል፣ አፏ ውስጥ እያቆየች ጠጣችው። የመጨረሻዋን ጠብታ በጣቷ ጠርጋ ላሰች። ከዚያ ወረቀቷንና ብዕሯን ጠየቀች። «ተይው፣ አትጻፊው» አልኳት። አዎን፣ ይህንንም ብያለሁ። «እማዬ፣ ብተወው ሚዛኑ ያሳብቃል። ደግሞ ሲስተር ታዝናለች» አለችኝ። «ግማሽ ብርጭቆ» ብላ ጻፈች። ማን እንደሰጣት አልጻፈችም።

አንቺ ገባሽ። ወረቀቱን አነበብሽ። እሷን አየሽ፣ እኔን አየሽ፣ እጄ ላይ ያለውን ባዶ ብርጭቆ አየሽ። የምትጮሂብኝ መስሎኝ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ብርጭቆውን ወስደሽ «እስከ የት ነበር?» አልሽኝ። በጣቴ አሳየሁሽ። እስከዚያ ሞላሽው፣ በመለኪያው ለካሽው። «ዘጠና» አልሽ፣ ከጽሑፏ ጎን ጻፍሽው፣ ወዲያው ወደ ዶክተሩ ሄደሽ ነገርሽው፣ መድኃኒቷም በዚያው ልክ ተስተካከለ። ይህ ሁሉ መዝገብ ላይ አለ። ጋሼ ግን «መጠኑ ያልታወቀ ውሃ» ብሎ ጽፏል። ታውቋል፤ ዘጠና ሚሊ ሊትር ነው! ከውሃው በፊት የጨመረችው አንድ ኪሎ ተኩል ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ውሃ ስንት ዘጠና እንደሆነ እኔ አስልቼዋለሁ፤ በስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ አስልቼዋለሁ። አሥራ ስድስት ይደርሳል። አሥራ ስድስቱን ማሽኑ ጋ ጠይቁ፣ አንዷን እኔ ጋ ጠይቁ።

ዶክተሩም ያን ማክሰኞ ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዞ «እናቴ፣ ውሃዋ አይደለችም። አምስት ቀን ያልታጠበ ደም ነው» ብሎኛል። ወጣት ነው፣ እንጀራው እዚያ ነው፣ አልፈርድበትም። ነገር ግን ኮሪደር ላይ የነገረኝን ሐሙስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይድገመው። ካልደገመው እኔ እደግምለታለሁ፣ እሱም ፊት ለፊቴ ይካደኝ።

ጽዳት ሠራተኛዋ በነገረችኝ ማግስት ጋሼ ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን ያንብቡልኝ አልኩት። አነበበልኝ። ጋሼ ሲያነብ ድምፁ ያምራል። ሲጨርስ «ማሽኑስ የታለ?» አልኩት። ማሽኑ አንድም ቦታ የለበትም። «የማሽን ነገር ክሱን ያዳክመዋል፤ ሰው መክሰስ ነው የሚያዋጣው» አለኝ። ይመልሱት፣ ያንሱት አልኩት። ሳቀ። «ስሚ አንቺ፣ የተፈረመ ወረቀት እንደ ልብስ አይተረተርም» አለኝ። «ጋሼ» አልኩት፣ «እኔ ያልተረተርኩት ስፌት የለም። የሌላ ሰው እጅ የሰፋውንም እተረትራለሁ።» በሕይወቴ ለጋሼ ቃል መልሼ አላውቅም። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች። ከዚያ ነገርኩት። ውሃውን የሰጠኋት እኔ ነኝ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገው። «ይህንን ለሌላ ሰው ተናግረሻል?» አለኝ። አልተናገርኩም ስለው «እንግዲያው አትናገሪ። ሰው ምን ይልሻል? ልጇን ራሷ… ነው እኮ የሚባለው» አለኝ። ይበሉኝ። ቢሉኝስ? እኔ ለራሴ ያላልኩት ምን ይሉኛል?

በዚህ ሰኞ ደግሞ ኃላፊው አስጠሩኝ። ስለጠሩኝ የመጣሁ ይመስላቸዋል፤ ባያስጠሩኝም እመጣ ነበር። ለስላሳ ሰው ናቸው። ወንበር ሳቡልኝ፣ ሐዘኔን እንደሚካፈሉ ነገሩኝ፣ የፈረምኩት ወረቀት በቂ ስለሆነ ሐሙስ መድከም እንደማያስፈልገኝ ነገሩኝ። «ማሽኑ ተሠራ?» አልኳቸው። «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እመቤቴ» አሉኝ። «ለእኔ አንድ ጉዳይ ነው» አልኳቸው። ሐሙስ የእጥበት ቀኗ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስን ሆስፒታል ነው የዋልኩት። ያውም አሁን ሊያስቀሩኝ!

አባቷስ ትዪኝ ይሆናል። የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ያን ጊዜ መንገድ ላይ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ውሃውን እኔ እንደሰጠኋት እስከ እሑድ ድረስ አያውቅም ነበር። እሑድ ምሳ አቅርቤለት ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። ወጥቶ ሄደ። ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ እኔም አልለመንኩትም። ዛሬ ጧት ኮቱን ይዞ ወደ ሱቄ መጣ። ቁልፉ ወልቆ ነበር። «ለሐሙስ ትተክይልኛለሽ?» አለኝ። ለምን ስለው «አብሬሽ ልገባ ነዋ። ወንድሜ ከጮኸብሽ እኔም እጮህበታለሁ፣ ድምፄ የመኪና ጥሩምባ የለመደ ነው» አለ። ቁልፉን ስተክል ቆሞ ጠበቀኝ። ክሩን በጥርሴ ስበጥስ «ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነበር አልሽኝ?» አለ። አዎን አልኩት። ኮቱን ተቀብሎኝ ወጣ።

እንግዲህ የሚሆነው ይህ ነው። ሐሙስ ከባሌ ጋር እመጣለሁ። በሩን ካልከፈቱልኝ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነባለሁ፤ ኮሪደሩ ድምፅ ያስተጋባል፣ አውቀዋለሁ። ፊርማዬን እተረትራለሁ። የውሃ ወረቀቷ ከመዝገቡ ይውጣ እላለሁ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የጻፈችውን እውነት ትልልቆቹ ሰዎች ጮክ ብለው ያንብቡት። ማሽኑ በስሙ ይጠራ እላለሁ። አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። መልቀቂያሽን ቅደጂው። እኔን ለመሸፈን ብለሽ ከእነዚያ ልጆች አትለዪ። እኔ መሸፈን አልፈልግም። ያ አፈኛው ሕፃን «ሲስተር ጠብታ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ጽዳት ሠራተኛዋን እንደሚያስጨንቃት ታውቂያለሽ? ኮዳውን ወስደውበታል። ውሃውን ቆልፈውበታል። ከትናንት ወዲያ ከእጅ መታጠቢያው ሲጠጣ ተይዟል። ይህንንም ለኮሚቴው እነግራቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ሌላ ወረቀት ይጀምራል። ይህኛውን ለብቻው አጥፌዋለሁ፤ ለማንም አታሳዪው፣ የአንቺ ብቻ ነው።

ከልጄ ልብስ ጋር ኮዳዋንም ሰጣችሁኝ። የክፍሉ ኮዳዎች ሁሉ ነጭ ክዳን ያላቸው፣ አንድ ዓይነት ናቸው። እኛ በገባን ቀን አልቀው ነበርና በማግስቱ ከቤትሽ ባለ አረንጓዴ ክዳን ኮዳ ይዘሽ መጣሽ። ልጄ «የማን ነው?» ስትልሽ «የአንቺ ነው» ብለሽ ፕላስተሩን ቶሎ ለጠፍሽበት። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ትናንት ላጥበው ብዬ ፕላስተሩን ላጥኩት። ስፌት መተርተር የለመደ እጅ ነው፣ ሳይቀደድ ተላጠ። ከሥሩ ሌላ ፕላስተር አለ፤ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። እሱም አራት መስመር አለው፤ መስመሮቹ ግን ከልጄ መስመሮች በጣም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የቀኑ ውሃ ከልጄም ያነሰ ነበር ማለት ነው። ታችኛው መስመር አጠገብ በሕፃን እጅ ዓሣ ተስሏል። ከዓሣው ሥር ቀን ተጽፏል፤ ሰባት ቁጥር ላይ ጭረት የምታደርጊባት አጻጻፍሽ አለችበት። ቀኑ ልጄ ከመወለዷ በፊት ነው።

ብዙ ሰዓት ኮዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። ያን ሰኞ፣ ውሃውን ለክተሽ ለዶክተሩ ከነገርሽ በኋላ፣ በሩ ጋ ጠርተሽ ቀስ ብለሽ የጠየቅሽኝ ነገር ትዝ አለኝ። ትቆጪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ «ደስ ብሏት ጠጣችው?» ነበር ያልሽኝ። «ዓይኗን ጨፍና» አልኩሽ። «እሺ» ብለሽ ወጣሽ። ስትመለሺ ፊትሽን ታጥበሽ ነበር። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ ነበር ያኔ።

ምንም አልጠይቅሽም። ፕላስተሩን በነበረበት መልሼ ለጥፌዋለሁ፤ መስመር ከመስመር ሳይዛነፍ። ሐሙስ ይዤልሽ እመጣለሁ። ጠረጴዛው ላይ ካንቺ ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጠዋለሁ። ሌላው ሰው ኮዳ ነው የሚያየው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽና። እጅሽን አይንሳቸው፤ ለእነዚያ ልጆች ማለቴ ነው። የቆምሽበት ወለል ይለስልስልሽ፣ ስትጠጪ ውሃው ይጣፍጥሽ፣ ከበሩ ጀርባም ቢሆን።

ይህችን የመጨረሻዋን ወረቀት ግን ከፊተኞቹ ጋር አንብቢላቸው። ኮሚቴዎችም ብትሆኑ፣ ጽዳት ሠራተኞችም ብትሆኑ፣ በሩ ጋ የቆማችሁም ብትሆኑ፣ ይህን የሰማችሁ ሁሉ ከመፍረዳችሁ በፊት ትንሽ ዝም በሉና ጸልዩ። ለሁለት ልጆች ጸልዩ። አንደኛዋ የእኔ ናት፣ ዳኛ ነበረች፣ አልዋሸችም። የሌላውን ስም አትጠይቁኝ፤ ፈጣሪ ያውቀዋል። ሁለቱም ባሉበት እንዳይጠማቸው ጸልዩላቸው።

እህትሽ፣
የዳኛዋ እናት